የስሜን አራዊትና ተመልካቾቻቸው

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሰበታ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ጥንታዊው የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ተራራውን በደን አልብሰውታል። ወደዚህ ደን በማለዳ የገባ ሰው በጽድ ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ጠጕሩን አዘርፍፎ የተቀመጠውን ጉሬዛ፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ ጠቆር ያለውን የምኒልክ ድኩላ ያያል። ጉሬዛ በዓለም የእንስሳት ሊቃውንት ዘንድ የተመዘገበበት ስም «ኮሎበስ ጉሬዛ» ነው። ይኸውም የአገሬው ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጠራበት ስም እንዳለ ተወስዶ ከግሪክኛ በመጣ የላቲን ስም ላይ የተቀጠለ ነው። በሰሜኑ ተራሮች የሚኖሩት ጭላዳና ዋልያም እንዲሁ «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ» እና «ካፕራ ዋልዬ» ተብለዋል። ሦስቱንም በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቃቸው ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እነዚህ ሦስት ስሞች አንድ ቁም ነገር ይመሰክራሉ። የውጭ አገር ሊቅ መጥቶ አራዊቱን «ከማግኘቱ» በፊት አራዊቱን የሚያውቅ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይና ለእያንዳንዱ ስም ያወጣ ሕዝብ ነበረ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በስሜን ተራሮች የታላላቅ የዱር አጥቢዎች ምልከታ በምን መንገድ እንደ ተጀመረ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ መቼ እንደ ተቋረጠና ያ መቋረጥ ምን እንዳስከተለ በአጭሩ ማሳየት ነው። የአራዊት ቁጥር በሪፖርት ላይ ሲቀርብ እንደ ማንኛውም አኃዝ ተነብቦ የሚታለፍ ይመስላል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ አኃዝ በስተ ኋላ በገደል አፋፍ ላይ በብርድ የተቀመጠ ሰው አለ። ያ ሰው በቦታው ሳይኖር ሲቀር አኃዙም ይጠፋል፤ አኃዙ በጠፋበት ዘመን ደግሞ አራዊቱ ምን እንደ ደረሰባቸው በጊዜው የሚነግር አይገኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ እንጦጦን ተሻግሮ የሱሉልታን ሜዳ ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይርቅ ወደ ዐባይ ገባሮች ሸለቆ አፋፍ ይደርሳል። በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ባለው ገደል ላይ ጭላዳ በመንጋ ሲግጥ ማየት የተለመደ ነው። ስለሆነም የሰሜኑ ደጋ እንስሳት ዓለም የሚጀምረው ከዋና ከተማይቱ እምብዛም በማይርቅ ስፍራ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ዓለም ከሁሉ ይልቅ ተሟልቶ የሚታየው ግን ከጎንደር በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከደባርቅ ከተማ ባሻገር በተዘረጋው በስሜን ነው። በዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ በድንገት ይቆረጥና በብዙ መቶ ሜትር ጥልቀት ወደ ቆላው ይወርዳል። ከአፋፉ በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ፣ ከአፋፉ በታች በገደሉ እርከኖች ላይ አስታና ቁጥቋጦ ይበቅላሉ። ጭላዳ ቀን በሜዳው ላይ ሣር ሲግጥ ውሎ ማታ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ቀይ ቀበሮ በከፍተኛው ሜዳ ላይ አይጥና ፍልፈል ያድናል። ዋልያ ደግሞ ኑሮውን በገደሉ እርከን ላይ አድርጎ፣ ሰውም ውሻም በማይደርስበት ስፍራ ይሰማራል። ሰስ፣ ነብርና ጅብም በዚሁ አገር ይኖራሉ።

የስሜን ገበሬና እረኛ እነዚህን አራዊት የሚያውቃቸው ከኑሮው የተነሣ ነው። ጭላዳ በገብስ ማሳው ላይ እንዳይወርድ ልጆቹን ጠባቂ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ መንጋው በየትኛው ሰዓት ከገደል እንደሚወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ነብር በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ ለፍየሉ ደኅንነት ያስፈልገዋል። ዋልያን በሚመለከት ደግሞ ዕውቀቱ ከአደን ጋር የተያያዘ ነበር። ሥጋው ይበላል፤ ቆዳው ይፈለጋል፤ ትልቁና ወደ ኋላ የተቆለመመው የወንዱ ቀንድ ለመጠጫ ዋንጫነት ያገለግል ነበር። በጦርና በወጥመድ፣ በኋላም በነፍጥ ያደን የነበረው ሰው የዋልያን መውጫና መግቢያ፣ የሚጠጣበትን ምንጭ፣ በክረምትና በበጋ የሚለዋውጠውን እርከን ለይቶ ያውቅ ነበር። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። ኋላ እንደሚታየው ግን የሳይንስ ምልከታ ያለዚህ ዕውቀት አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደም።

ሩፐል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1831 በምጽዋ በኩል ሲሆን፣ በ1832 ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ስሜንን ይገዙ የነበሩትም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሩፐል በዚያ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ ፍራንክፈርት ተልከው ለዜንከንበርግ ቤተ መዘክር የእንስሳት ክምችት ትልቅ ሀብት ሆኑ። ዋልያ፣ ጭላዳና ጉሬዛ ሲጠቀሱ የአገሬው ስም ተጠብቆላቸዋል፤ ቀይ ቀበሮ ግን የተሰየመው በአገሩ ስም ነው፤ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ማለት የስሜን ቀበሮ ማለት ነውና። በዚህ ዘመን ምልከታ ማለት በአብዛኛው ናሙና መያዝ ማለት ነበር። እንስሳው ይገደላል፤ ቆዳውና የራስ ቅሉ ይለካል፤ መልኩ ይጻፋል። እንዴት እንደሚኖር፣ በስንት መንጋ እንደሚሰማራና ስንት እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር ማለት ይቻላል፤ እንስሳው ያልቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ወደ ስሜን የወጡት የውጭ ሰዎች ከመነጽር ይልቅ ጠመንጃ የያዙ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል እንግሊዛዊው ፐርሲ ፓውል ኮተን በ1900 ስሜን ደርሶ ዋልያ አድኗል፤ የጉዞውን ታሪክም በ1902 በመጽሐፍ አሳትሟል። እንዲህ ያሉ ሰዎች የጻፉት ለዛሬው ተመራማሪ ጥቅም አለው፤ እንስሳው የት እንደ ታየ ይናገራልና። ነገር ግን በዋልያው ላይ ከባዱ ጉዳት የደረሰው ከጥቂት እንግዶች አልነበረም። ዘመናዊ ጠመንጃ በአገሩ እየበዛ ሲሄድ፣ ይልቁንም ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ መሣሪያና ጥይት በየመንደሩ ሲገኝ፣ ቀድሞ ገደሉ ይጠብቀው የነበረው እንስሳ ከሩቅ የሚመታ ሆነ። በዚያው ልክ እርሻው ሽቅብ እየወጣ፣ አስታው እየተመነጠረ፣ ፍየሉም እስከ ገደሉ እርከን እየዘለቀ ሄደ። በ1944 የዱር አራዊትን ለመጠበቅ ዐዋጅ ቢታወጅም፣ ዐዋጁን በስሜን አምባ ላይ የሚያስከብር ሰው አልነበረም።

አዲስ ዘመን የተከፈተው በ1963 ነው። በዚያ ዓመት በእውቁ የሥነ ሕይወት ሊቅ በጁሊያን ሃክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ልዑክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስለ ዱር አራዊትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ጥናት አቀረበ። በ1960ዎቹ አጋማሽም የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ተቋቋመ። በ1966 ደግሞ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሥርቶ የጥናት መጽሔቱን «ዋልያ» ብሎ ሰየመ። በዚሁ ወቅት በኬንያ ይሠራ የነበረው ሌስሊ ብራውን ወደ ስሜን ወጥቶ ዋልያን በመነጽር ሲከታተል ሰንብቶ፣ የቀረው ቁጥር እጅግ አነስተኛ መሆኑን ለዓለም አሳወቀ። በእነዚያ ዓመታት የተሰጡት ግምቶች ከ150 እስከ 200 ባለው መካከል የሚወድቁ ነበሩ። በዓለም ላይ ከስሜን በቀር ዋልያ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ ስለሌለ፣ ይህ ቁጥር የአንድ አካባቢ ሳይሆን የአንድ ዘር ቁጥር ነበር። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ተቋቋመ። ስፋቱም 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር።

ፓርኩ በሕግ ከመታወጁ አስቀድሞ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ የመጀመሪያ ኀላፊ ሆኖ ያገለገለው በትውልዱ የዌልስ ሰው የሆነው ክላይቭ ኒኮል ነበር፤ የሥራውን ውጣ ውረድ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። የፓርኩ ጥበቃ ዋና መሠረት ግን ከአካባቢው የተቀጠሩት ስካውቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ገደሉን በእግራቸው ያውቁታል። በቡናማ ቋጥኝ ላይ የቆመ ቡናማ እንስሳ ለእንግዳ ዐይን ድንጋይ ሲመስል፣ እነርሱ በባዶ ዐይናቸው ወንድ ይሁን ሴት ለይተው ያመለክታሉ። ቀድሞ ለአደን ያገለግል የነበረ ዕውቀት በዚህ መንገድ ለጥበቃ አገልግሎት ዋለ።

ዋልያን መቁጠር ምን ማለት እንደ ሆነ በትክክል የታወቀው ከዙሪክ በመጣው በበርንሃርት ኒቨርገልት ሥራ ነው። ኒቨርገልት በ1960ዎቹ መጨረሻ በጊች ሰፍሮ ዋልያን ለረጅም ጊዜ ሲከታተል ቆየ። የጥናቱ ውጤት በ1981 በመጽሐፍ ታትሟል። አሠራሩ ለሙያው ባልደረቦች ትምህርት ሰጪ በመሆኑ ጠቅለል አድርጎ መግለጡ ተገቢ ነው። ዋልያ የሚኖርበት ስፍራ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ተሰልፎ በማለፍ መቁጠር ይቻል ነበር። በገደል ላይ ግን ተመልካቹ የሚያየው ከቆመበት አፋፍ ፊት ለፊት ያለውን እርከን ብቻ ነው፤ ከእግሩ በታች ያለውን አያይም። ስለዚህ ገደሉ በካርታ ላይ በክፍል በክፍል ይለያል። ለእያንዳንዱ ክፍል ከፊት ለፊቱ የሚታይበት ነጥብ ይመረጥለታል። ከዚያም ያው ክፍል በየጊዜው፣ በየሰዓቱና በየወቅቱ እየተደጋገመ ይታያል። የታየው እንስሳ ጾታና ዕድሜ፣ አብረውት ያሉት ብዛት፣ የሚበላው ተክልና የቆመበት የገደል ዓይነት ሁሉ ይመዘገባል።

ሰዓቱም ይመረጣል። ዋልያ በይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ማለዳና ወደ ማታ ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ በጥላ ሥር ይተኛል። ረፋዱ ካለፈ ደግሞ ከቆላው የሚነሣው ጉም ገደሉን ስለሚሸፍነው ተመልካቹ መነጽሩን አጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው የለም። የወንዱ ዕድሜ በቀንዱ ላይ ባሉት ቀለበቶች ይገመታል። ሴቷ ቀንዷ አጭርና ቀጭን ስለ ሆነ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ከጎረምሳ ወንድ ጋር መምታታቱ ቀላል ነው። አንድ መንጋ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር፣ በሸለቆው ማዶና ማዶ የተቀመጡ ተመልካቾች ሰዓታቸውን አስተካክለው መመዝገብ ይኖርባቸዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚገኘው ቁጥር የታዩት ብዛት እንጂ የሌሉት አለመኖር ማረጋገጫ አይደለም። ስለሆነም የአንድ ጊዜ ቆጠራ ብቻውን ጥቂት ነገር ይናገራል። ብዙ የሚናገረው በአንድ ዓይነት ዘዴ፣ ከአንድ ዓይነት ነጥብ፣ ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ የተደረገ ቆጠራ ነው።

በተመሳሳይ ዘመን ጭላዳም የራሱን ተመልካቾች አገኘ። ጆን ክሩክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1960ዎቹ አጋማሽ የጭላዳን መንጋ አወቃቀር አጥንቶ ጻፈ። ከ1971 እስከ 1972፣ እንደገናም ከ1974 እስከ 1975 ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ ፓትሪሺያ በሳንካበር ተቀምጠው እያንዳንዱን ጭላዳ በመልኩ ለይተው እስኪያውቁት ድረስ ተከታተሉ። በ1973 እና በ1974 ደግሞ በማሳኦ ካዋይ የተመራ የጃፓን ቡድን በጊች ተመሳሳይ ሥራ አከናወነ። ከእነዚህ ጥናቶች እንደ ታወቀው፣ ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ የሚለየው ምግቡን በሞላ ጎደል በሣር ላይ በመመሥረቱ ነው። ጥንት በአፍሪካ በብዙ ስፍራ ተሠራጭተው የነበሩት ዘመዶቹ በሙሉ ጠፍተው ዛሬ ከወገኑ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። በሜዳ ላይ አንድ ትልቅ መንጋ መስሎ የሚታየው በውስጡ በብዙ ቤተሰብ የተከፋፈለ ነው። በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አውራ ወንድ ቢኖርም፣ ቤተሰቡን አስተሳስረው የሚያኖሩት የእርስ በርስ ዝምድና ያላቸው ሴቶቹ ናቸው። ይህ በሳንካበርና በጊች ሣር ላይ የተገኘ ዕውቀት ስለ ጠቅላላ የማኅበራዊ እንስሳት አኗኗር በሚደረገው የዓለም ክርክር ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

ነገር ግን አራዊቱን የተመለከተ ሁሉ ሰውን ሳያይ ሊያልፍ አልቻለም። በፓርኩ ክልል ውስጥ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር፤ ፓርኩ የተከለለው በእነርሱ እርሻና ግጦሽ ላይ ነውና። ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኀላፊ የነበረው የስዊስ የመልክዐ ምድር ባለሙያ ሃንስ ሁርኒ፣ ከአራዊቱ ጋር አፈሩንም ማጥናት ጀመረ። ገብስ በጊች ከ3,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በቁልቁለት መሬት ላይ ይዘራል። ዝናሙ አፈሩን እያጠበ ሲወስድ ማሳው ይሳሳል፤ ማሳው ሲሳሳ ገበሬው ሌላ ቁልቁለት ይመነጥራል። ስለዚህ ዋልያውን የሚያባርረው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። የዋልያውና የገበሬው ችግር ከአንድ ምንጭ የሚፈልቅ፣ አፈሩ እየሄደ ሰው ግን እየበዛ በመምጣቱ የተፈጠረ ችግር መሆኑ ግልጥ ሆነ። ሁርኒ በስሜን የጀመረው ምርምር ኋላ በ1981 በአገር ደረጃ ለተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት መነሻ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ሁልጊዜ ወደ ተግባር አልተለወጠም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከፓርኩ ክልል ውስጥ የአንዳንድ መንደሮች ነዋሪዎች በግዳጅ እንዲነሡ ተደረገ። በ1978 ስሜን ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆኖ በክብር ሲመዘገብ፣ ከቤቱ የተነሣው ገበሬ ዘንድ ግን የፓርኩ ስም ከቅሬታ ጋር ተያይዞ ቀረ። ለአራዊቱ ጥበቃ ይኽ ትልቅ ጉዳት ነበር። በገደሉ አፋፍ ላይ ዘወትር የሚውለው ዐይን የእረኛውና የገበሬው ዐይን ነውና፣ ያ ዐይን ፊቱን ካዞረ የጥቂት ጠባቂዎች ዐይን አገሩን ሊሸፍነው አይችልም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የርስ በርስ ጦርነቱ ስሜንን ስላዳረሰው የፓርኩ አስተዳደር ስፍራውን ለቅቆ ወጣ፤ እስከ 1991 ድረስም መደበኛ ክትትል ተቋረጠ። የተሠሩት ካምፖች ፈረሱ። ሰላም ከወረደ በኋላ፣ በ1996 ኒቨርገልት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተመልሶ የቀድሞ ነጥቦቹን እየፈለገ ቆጠራውን እንደ አዲስ አካሄደ። የተገመተው የዋልያ ቁጥር ወደ 250 ገደማ ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የስፍራው መለወጥ ነው። ዋልያው ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው ከምዕራቡ ገደል ለቅቆ፣ ብዙው ወደ ምሥራቅ፣ ከፓርኩ ወሰን ወዳለፈው ገደል ተዛውሮ ተገኘ። የሠላሳ ዓመት መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይህን መዛወር ማንም ሊያውቀው ባልቻለም ነበር። በዚያው በ1996 ስሜን በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። ከአደጋው ለመውጣት ከተቀመጡት ግዴታዎች አንዱ የፓርኩን ወሰን እንስሳው አሁን በሚገኝበት ስፍራ ልክ ማስፋት ነበር። ፓርኩም ወደ ሥልኪ፣ ወደ ቅዱስ ያሬድና ወደ ራስ ደጀን አካባቢ ተስፋፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚህ ረገድ የአገሩን ካርታ የለወጠው በጉም መካከል በትዕግሥት የተያዘ ማስታወሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ያህል ዓመታት ክትትሉ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ስካውቶች እጅ ተጠናክሮ ቀጠለ። የዋልያው ቁጥርም እያደገ ሄዶ በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ800 በላይ ደረሰ። በ1960ዎቹ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ይህ ታላቅ ስኬት ነበር። የጊች መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ይህም በ2016 ተጠናቀቀ። በ2017 ስሜን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ወጣ። የጊች ሜዳ ከእርሻና ከግጦሽ ሲያርፍ ሣሩ መመለሱ አይካድም። ዳሩ ግን በተራራ ላይ ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ሰው በከተማ ዳር ኑሮን እንደ አዲስ ሲጀምር የሚከፍለው ዋጋ በአራዊት ቆጠራ ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። የጥበቃው ታሪክ በሙሉ ሲጻፍ ግን ይህ ዋጋ አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።

ስኬቱም ጸንቶ አልቆየም። በ2019 በጋ የተነሣ እሳት በፓርኩ ውስጥ ብዙ ሣርና አስታ አቃጠለ፤ እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ከወጣ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ረድተዋል። በ2020 መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ የተቀሰቀሰው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2023 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተከሠተው ግጭት ጎብኚውንም ተመራማሪውንም አራቀ። የጥበቃ ሥራው ተዳከመ፤ ከጎብኚ ይገኝ የነበረው የመሪዎች፣ የበቅሎ ጫኞችና የማብሰል ሥራ ገቢም ቆመ። በ2024 የዋልያው ቁጥር ወደ 300 ገደማ ወርዶ ተገኘ። ይህ ማለት በዐሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ጠፋ ማለት ነው። የ1980ዎቹ ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ።

ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው ሌላ የሰሜን ደጋ ምሳሌ አለ፤ እርሱም የመንዝ ጓሳ ነው። በመንዝ ጌራ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ለጭላዳና ለቀይ ቀበሮ መኖሪያ ሲሆን፣ የአካባቢው ባላባቶችና ገበሬዎች ለብዙ ዘመን ቄሮ በተባለ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። የጓሳው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም ስለሚፈለግ፣ ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይከለከላል። ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ያፈረሰም ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ሕዝቡ ግን ሜዳው ያለ ጠባቂ ቢቀር እንደሚጠፋ ስለ ተረዳ ጥበቃውን በሌላ መልክ በኮሚቴ አቋቋመ፤ ቆይቶም ስፍራው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሆኖ በክልሉ ሕግ ታወቀ። ይህን ታሪክና በዚያ ያለውን የቀይ ቀበሮ ኑሮ በሰፊው ያጠናው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘለዓለም ተፈራ ነው።

መንዝ ስሜን አይደለም። የመሬቱ አቀማመጥ፣ የሕዝቡ ብዛትና የአራዊቱ ዓይነት ይለያያሉ፤ ስለዚህ የአንዱን ሥርዓት ገልብጦ በሌላው ላይ መጫን አይቻልም። ቢሆንም አንድ የጋራ ትምህርት ይገኛል። በጓሳ ጠባቂው ሜዳውን የሚጠብቀው ከሜዳው ስለሚጠቀም ነው፤ በስሜን ግን ለረጅም ዘመን ጠባቂውና ተጠቃሚው የተለያዩ ሆነው ኖረዋል። መንግሥት በተዳከመበት ጊዜ የትኛው ጥበቃ ጸንቶ ሊቆይ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለሙያው ባልደረቦች ከዚህ ታሪክ የሚተርፈው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ምልከታ የአንድ ጊዜ ጉዞ ሳይሆን የማይቋረጥ መዝገብ መሆኑ ነው። የሩፐል ስም የሚነሣው አስቀድሞ ስለ ጻፈ ነው፤ የኒቨርገልት ሥራ የበለጠ ጥቅም የሰጠው ግን ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያው ነጥብ ላይ በመቀመጡ ነው። በችግር ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚቋረጠው ቆጠራ ነው፤ አስቸኳይ አይመስልምና። ስለሆነም የተጀመሩት መዝገቦች በአንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ብቻ እንዳይቀሩ፣ ቅጂያቸው በዩኒቨርሲቲዎችና በቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ማድረግ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የተመልካቹ ማንነት ነው። በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ የሚታዩት ስሞች የውጭ ሊቃውንት ስሞች ቢሆኑም፣ እያንዳንዳቸው ገደሉን ያዩት ስካውት ወይም እረኛ በጣቱ ባመለከተበት አቅጣጫ ነው። ይህ ሰው ከማመልከት አልፎ እንዲመዘግብ፣ መዝገቡም በስሙ እንዲቀመጥለት ማድረግ ለባለ ሙያዎች የተተወ ዕዳ ነው። ከሰበታ በላይ በመናገሻ ደን ጉሬዛን የሚያይ ተማሪ የእንስሳው ዓለም አቀፍ ስም የገዛ አገሩ ቃል መሆኑን ሲያውቅ ይደሰታል። የስሙ ባለቤት የሆነው ሕዝብ የቆጠራው መዝገብም ባለቤት ሲሆን፣ የሚቀጥለው ችግር ሲመጣ በገደሉ አፋፍ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው ደብተሩን ይዞ ተቀምጦ ይገኛል።